ከሒጃዝ እስከ ቁልቢ፤ የሐረር ልጆች ስም የመጣበት መንገድ

ሐረር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ስረከብ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስማችሁን ማን አወጣላችሁ? ለምን? «ቲቸር፣ ይሄ ከጂኦግራፊ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን በማግስቱ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ ካርታ እሰቅላለሁ፤ ስሙ ከቦታ የተወሰደ ልጅ ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ ቦታውን ፈልጎ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል። መኪያ፣ መዲና፣ ዘምዘም፣ ሰፋ፣ መርዋ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሒጃዝ ላይ ይሰበሰባሉ። ቤተልሔም፣ ናዝሬት፣ ገሊላ፣ ቢታንያ፣ ዮርዳኖስ ደግሞ ወደ ሰሜን ወጣ ብለው ተጠጋግተው ይሰፍራሉ። ሊባኖስና ታቦርም ከእነሱ አይርቁም። ነጥቡን ከሚያደርጉት ልጆች ብዙዎቹ ግን ከድሬዳዋና ከጅጅጋ አልፈው አያውቁም።

ይህን ያነሣሁት ልጅ የሚጠብቁ ወጣት ጎረቤቶቼ ከጉዞ፣ ከተፈጥሮና ከአሰሳ የተቀዳ ስም እየወደዱ ስለመጡ ነው። አንዱ «ስካይ ብንላትስ?» ይለኛል፤ ሌላዋ የጫጉላ ሽርሽር የሄዱበትን ሐይቅ ስም ታማክረኛለች። ጂኦግራፊ ስለማስተምር የወንዝና የተራራ ስም ሁሉ ከእኔ የሚጠፋ አይመስላቸውም። እኔም የምመልስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ይህች ከተማ ከጥንት ጀምሮ ልጆቿን በመንገድና በዝናብ ስትሰይም ኖራለች። ልዩነቱ የድሮ ወላጅ የቦታ ስም የሚያወጣው ከቤቱ ሰው አንዱ በዚያ መንገድ ስለሄደ፣ ለመሄድ ስለተሳለ ወይም ሄዶ ስለቀረ ነው።

ወደ መካ የሚወስደው መንገድ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያ ሴት ልጁን ያገኘ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ለስም ማውጫው ድግስ፣ ለአቂቃው፣ ግንብ በከበበው ጀጎል ውስጥ ባለው የአባቱ ቤት ጠራን። የሐረሪን ቤት ያየ ያውቀዋል፦ በሩን እንዳለፉ ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩት ነደባ የሚባሉት ቀይ መደቦች፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሸፈኑት ስፌቶች፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ያለ ተናጋሪ የሚታወቅበት ሥርዓት። አያትየው ሕፃኗን ታቅፈው ነበር። ስሙ ገና አልተቆረጠም። አክስት ከቶሮንቶ ደውላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ኦሺን በሏት፤ ውቅያኖስ ማለት ነው፤ እዚህ በጣም ይወዱታል» አለች። አያትየው ጥቂት አሰቡና ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ከመንገድ ልጅ እንደሚጠራ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኦሺ...ን!» ብለው ሞከሩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን ኮስተር ብለው «እኔ በእግሬ የተመላለስኩበትን ነው የምሰጣት» አሉ። ልጅቷ ሰፋ ተባለች።

ሰፋና መርዋ መካ ውስጥ ያሉ ሁለት ኮረብቶች ናቸው። ሐጀር የምታጠባው ልጇ ኢስማኢል በጥም ሲያለቅስ ውሃ ፍለጋ በመካከላቸው ሰባት ጊዜ የተመላለሰችው እዚያ ነው፤ ዘምዘም የፈለቀው ለዚያ ሕፃን ነው። ሐጅ ያደረገ ሁሉ ያንኑ ሰባት ምልልስ ይደግማል። እንግዲህ ለጨቅላ ልጅ ከዚህ የቀረበ የጉዞ ስም ከየት ይገኛል? መንታ ሴቶች ሲወለዱ አንዷ ሰፋ፣ አንዷ መርዋ መባላቸውም ለዚህ ነው። አውሮፕላን ሳይመጣ የሐረር ሐጃጅ በግመል ቅፍለት ወደ ዘይላ ወርዶ ከዚያ በጀልባ ይሻገር ነበር። ሄዶ በሰላም የተመለሰ ሰው የልጅ ልጁን መኪያ ወይም መዲና ቢል የደረሰበትን መናገሩ ነው።

ያልሄዱበትን አገር ማምጣት

ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም፤ አካሄዳቸው ግን ትንሽ ይለያል። ወደ ኢየሩሳሌም መድረስ ለጥቂቶች ብቻ የሚሳካ ነገር ስለነበር፣ አበው አገሩን ወደዚህ አመጡት። ላሊበላ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ሸዋ ላይ ደብረ ሲና፣ በጌምድር ላይ ደብረ ታቦር አለን። ቦታው ላይ የተጀመረው ወደ ልጆች ተሻገረ። ቤተልሔምም ገሊላም በክፍሌ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እርሳስ ይዋዋሳሉ።

ወላጅ እንዲህ እንደልቡ ስም የሚያወጣው ሌላም ምክንያት ስላለው ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ከቄሱ የሚቀበሉት ሌላ ስም አላቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት የራስ መኮንን ልጅ በቤት ተፈሪ፣ በክርስትና ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የክርስትናው ስም ለጸሎት ስለሚሆን መጠሪያው ለወላጅ ፍላጎት ነፃ ነው። ዘመኑን፣ ዝናቡን፣ ደስታውን፣ ቂሙን ሳይቀር ይሸከማል።

የእኛው ሰፈር የጉዞ ስም ግን ቁልቢ ላይ ነው የሚወጣው። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ሰው፣ ከፊሉ በእግሩ፣ ራስ መኮንን ወዳሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ሲተም ልጅ ታቅፎ የሚመጣ ብዙ ነው። አምና «ልጅ ስጠኝ» ብላ የተሳለች ዘንድሮ ልጇን ይዛ ስለቷን ታስገባለች፤ እዚያው ክርስትና ታስነሣዋለች። ብስራት፣ ሰመረ፣ ወለተ ገብርኤል የሚሉት ስሞች ከዚያ መንገድ ይመጣሉ። ስለቱ ሰምሮለታልና ልጁን ሰመረ የሚል አባት የዳገቱን አቧራ ልጁ ላይ ጽፎታል።

ዝናብ፣ አበባ፣ ንጋት

ከቦታ ቀጥሎ የስም መጥሪያዬን የሚሞላው ተፈጥሮ ነው። ውሃ በሚፈለግበት በምሥራቁ አገር ዝናብ በሦስት ቋንቋ ይጠራል፦ በአማርኛ ዘነበ፣ ዘነበች፣ ዝናቡ፤ በኦሮምኛ ሮባ፤ በሶማልኛ ሮብሌ። በአንድ ወንበር ላይ ዝናቡና ሮብሌ ተቀምጠው ሳይ ደስ ይለኛል፤ የሁለቱም እናቶች ያዩት አንድ ደመና ነው። አበባም እንዲሁ ነው፦ አበባና ጽጌ፣ በሶማልኛ ኡባህ፣ በኦሮምኛ ደራርቱ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ ስሙን ዓለም እንዲያውቀው አደረገች። ንጋቱና ቢፍቱ ፀሐይ ስትወጣ የተወለዱ ናቸው። ለምለም፣ እሸቱ፣ አዝመራው የደግ ዘመን ልጆች ናቸው።

ከአርብቶ አደር ቤት የሚመጡት ደግሞ እውነተኛዎቹ የጉዞ ስሞች ናቸው። ሶማሌው ቤተሰብ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲጓዝ የተወለደውን ልጅ ገዲ ይለዋል። ቦረናው በፍልሰት ላይ የተወለደውን ጎዳና ይለዋል። በአማርኛም ለመንገድ የተዘጋጀ ስም አለ፦ ስንቅነሽ። የልጅቱ እናት ደስታዋን በስንቅ መመሰሏ ሩቅ መንገድ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቀኛል። ሐረርን ዓለም የሚያውቃት በጅቦቿ ነው፤ እስካሁን ግን ልጁን ጅብ ያለ አባት አልገጠመኝም። ይልቅ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚያጎርሷቸው ሰዎች ጅቦቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል።

አሳሾቹ ስም አላስቀሩም

አሁን ወደ አሰሳ ልምጣ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ቆይቶ ወጣ፤ ያየውንም በዓመቱ በመጽሐፍ አሳተመ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ለንግድ መጥቶ፣ እየወጣና እየተመለሰ እስከ 1891 ኖረ፤ በስሙ የሚጠራው ሙዚየም ዛሬም ጎብኚ አያጣም። ሁለቱም በዓለም ትልቅ ስም አላቸው። በስም መጥሪያዬ ላይ ግን በርተንም ራምቦም የሉም። ለሐረር ሰው ሐረር ያልታወቀች አገር አይደለችማ! ቀድሞውኑ ወደሚያውቁት አገር ለመጣ ሰው የልጅ ስም አይከፈልም።

የአሰሳ ስም ከፈለጋችሁ የእኛው አለ፦ ቃኘው። የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ጦር በዚሁ ስም ቃኘው ተባለ፤ ከሐረር የተነሣው የፈረስ ስም ሩቅ ምሥራቅ ደረሰ። ዛሬም ልጁን ቃኘው የሚል አለ። አንድ አባት «አሳሽ የሚል ነገር ፈልግልኝ» ሲለኝ ይህን ነገርኩት፤ ስሙን ወደደው፣ ታሪኩን ግን አባቱ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ተመራማሪ ለሕፃን ስም ያወጣበት ጊዜም አለ። ኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድና የምርምር ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የ3 ዓመት ገደማ የሆነች ሕፃን ቅሪተ አካል አገኙ፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሰላም አሏት። የማናችንም ጎረቤት ለልጁ ሊያወጣው የሚችል ስም ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ተማሪዎቼ ስለ እሷ ሳወራ እንደ ታናሽ እህት የሚያዳምጡት።

ስሙን ከመቁረጣችሁ በፊት

ምክር ለሚጠይቁኝ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ስሙን ከአባትየው ስም ጋር ብቻ ሳይሆን ከልጅ ልጃችሁ ስም በኋላም አስቀምጡት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም ይኑር ቢልም እኛ አልለመድነውም፤ የእኛ ወግ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለልጃችሁ የምታወጡት ስም ነገ የልጅ ልጆቻችሁ የአባት ስም ይሆናል። ስካይ ለሕፃን ያምራል፤ «አቶ እንትና ስካይ» ተብሎ በፍርድ ቤት ሲጠራም ስሙት። ዘነበ ግን በየትኛውም ቦታ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ስሙ በጎረቤት ቋንቋ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ሐረር ውስጥ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ ሱቅ በር ላይ ይሰማሉ። ጎዳና ለቦረና አባት የሚያኮራ ስም ነው፤ አማርኛ የሚናገር ክፍል ውስጥ ግን ልጁ «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለውን ቀልድ ሳይሰማ አይውልም። የአጻጻፉ ነገርም አለ። በቁቤ የተጻፈው ደራርቱና በአማርኛ ሰነድ ላይ ከፊደል ወደ ላቲን የተገለበጠው ደራርቱ የሆሄ ብዛታቸው ይለያያል፤ ፓስፖርት ለማውጣት የሄደ ሰው የትኛው ሆሄ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ነው የሚያስታውሰው። ከመጀመሪያው አንድ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ ስሙን የሚተርክ ሰው በቤት ይኑር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ አረፈ። ስሙ ዓለም ማየትን፣ ደስታን የሚመኝ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች በዙሪያው አልነበሩም። ለእኔ የሚያሳዝነው መንገዱ ሩቅ መሆኑ ሳይሆን መንገዱን የሚነግረው አለመኖሩ ነው። ጣና ያላችኋትን ልጅ ጣና ውሰዷት፤ ባትችሉም አባቷ በታንኳ ሲሻገር የሆነውን ንገሯት። ፓሪስንም የወደደ ፓሪስ ይበል፤ ልጁ «ለምን?» ሲል ግን መልሱ «ፎቶው ያምር ነበር» ብቻ እንዳይሆን።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደትን ለማስመዝገብ 90 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ስም መቀየር ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ዘጠና ቀን ብዙ ነው፤ የቤታችሁ ሰዎች ከየት ተነሥተው በየት በኩል እዚህ እንደደረሱ ለመጠየቅ ይበቃል። አንዷ አያት የሐጅ መንገዷን፣ አንዱ አጎት የጅቡቲውን ባቡር፣ አንዷ አክስት በእግር የወጣችውን የቁልቢን ዳገት ታነሣላችኋለች። ከእነሱ ውስጥ አንድ ስም ካጣችሁ፣ ያን ጊዜ ስልካችሁን ክፈቱ።