ለውበት የሚሰጥ የቦቱሊነም መርፌና የሙያ ኃላፊነት መድን፤ በእንግሊዝ አገር ለሥራው አዲስ ለሆኑ ባለሙያዎች

ቦቱሊነም ቶክሲን፣ በተለምዶ ከንግድ ስሞቹ በአንዱ «ቦቶክስ» እየተባለ የሚጠራው መድኃኒት፣ በነርቭ ጫፍ ላይ የአሴቲልኮሊንን መለቀቅ በመግታት ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በቅንድቦች መካከል የሚታየውን የቆዳ መሸብሸብ ለመቀነስ እንዲውል ኤፕሪል 2002 እ.ኤ.አ. ከፈቀደ ወዲህ አገልግሎቱ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወራት ቆይቶ ይጠፋል። ከመርፌው የሚመነጨው ሕጋዊ ተጠያቂነት ግን ለዓመታት ይዘልቃል። ለሥራው አዲስ የሆነ ባለሙያ የመድን ውል ሲፈርም በብዛት የሚዘነጋው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው።

በእንግሊዝ አገር መድኃኒቱ ያለ ማዘዣ አይሰጥም። መርፌውን የመውጋት ተግባር ግን ለረጅም ዘመን ለጤና ባለሙያዎች ብቻ ተከልሎ አልኖረም። ሰር ብሩስ ኪዮ በ2013 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ባቀረቡት የግምገማ ዘገባ፣ ያለ ቀዶ ጥገና የውበት ሕክምና የሚያገኝ ሰው እስክሪብቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው የበለጠ የሕግ ጥበቃ እንደሌለው አመልክተዋል። ከዚያ በኋላ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ለውበት ሲባል መርፌውን መስጠት ወንጀል ሆኗል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤናና የእንክብካቤ ሕግም መንግሥት የፈቃድ ሥርዓት እንዲዘረጋ ሥልጣን ሰጥቷል። የተመዘገበ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የጥርስ ሐኪም ግን ይህን ሥርዓት መጠበቅ አያሻውም፤ ከጁላይ 17 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሥራው ተገቢ የሆነ የካሳ ዋስትና ሳይኖረው ሙያውን እንዳይሠራ ሕግ ያስገድደዋል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስሕተት ይፈጸማል። በብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሆስፒታል ተቀጥሮ የሚሠራ ባለሙያ በሥራ ገበታው ላይ ለሚፈጽመው ተግባር በአሠሪው በኩል ዋስትና አለው። ይኸው ባለሙያ ቅዳሜና እሑድ በተከራየው ክፍል ውስጥ ለሚሰጠው መርፌ ግን ያ ዋስትና ፈጽሞ አይደርስም። ከሌላ አገር ሄደው በዚያ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ገቢያቸውን ለመደጎም ወደዚህ ሥራ ሲገቡ ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ዋስትናው በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በ1885 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተው የሐኪሞች መከላከያ ኅብረት ካሉ የአባላት ማኅበራት የሚሰጠው ድጋፍ ነው። በዚህ መልክ የሚሰጥ ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ በማኅበሩ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ አባሉ እርዳታ የመጠየቅ እንጂ ክፍያውን የማስገደድ መብት የለውም። ሁለተኛው አረቦን እየተከፈለበት ከመድን ድርጅት ጋር የሚገባ ውል ነው። ውሉ መብትን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ በዚያው ልክ ገደቦቹም በጽሑፍ የሰፈሩ ናቸውና መስመር በመስመር መነበብ አለባቸው።

ከገደቦቹ ሁሉ ይበልጥ ማብራሪያ የሚሻው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ውሎች የሚመለከቱት ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ነው፤ መርፌው በተሰጠበት ቀን ውሉ የጸና ከነበረ የካሳ ጥያቄው ከዓመታት በኋላ ቢመጣም ድርጅቱ ይመልሳል። በዚህ መስክ በብዛት የሚሸጡት ግን የካሳ ጥያቄው የቀረበበትን ጊዜ የሚመለከቱ ውሎች ናቸው። ለምሳሌ አንዲት ነርስ በኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. መርፌ ሰጠች እንበል። መድኃኒቱ የላይኛውን የዐይን ቆብ ወደሚያነሣው ጡንቻ ሠርጎ ቆቡ ወረደ፤ ታካሚዋ ሾፌር በመሆኗ ለሳምንታት ሥራ አቆመች። ነርሷ በ2024 እ.ኤ.አ. አረቦኑ ወደሚቀንስላት ሌላ ድርጅት ተዛወረች። የታካሚዋ ጠበቃ ደብዳቤ የደረሳት በማርች 2025 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ድርጅት ጥያቄው በውሉ ዘመን አልቀረበም ብሎ ይመልሳታል። ሁለተኛው ደግሞ ሽፋኑ ወደኋላ የሚቆጠርበት ቀን ከኖቬምበር 2022 በፊት ካልተጻፈ በስተቀር፣ ድርጊቱ ከሽፋኑ በፊት የተፈጸመ ነው ይላል። ነርሷ ለአንድም ቀን አረቦን ሳታቋርጥ ያለ ዋስትና ቀረች ማለት ነው። በአረቦን ያተረፈችው ገንዘብ ለጠበቃ የመጀመሪያ ምክር እንኳ ላይበቃ ይችላል።

በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የይርጋ ሕግ ለአካል ጉዳት ክስ የሚሰጠው ጊዜ በመሠረቱ ሦስት ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ተጎጂው ስለ ጉዳቱ ካወቀበት ቀን፣ ኋላ ከሆነው አንሥቶ ነው። ስለዚህ ድርጅት የሚለውጥ ባለሙያ ወደኋላ የሚቆጠርበት ቀን መርፌ መስጠት ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን ጋር መግጠሙን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በሥልጠና ወቅት ለልምምድ በነፃ የተሰጡ መርፌዎችም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደሉም፤ እነዚያን የሚሸፍነው አሠልጣኙ ይሁን ሠልጣኙ ከመርፌው በፊት መጠየቅ አለበት።

ሽፋኑ የሚያገለግለው በውሉ ውስጥ በስም ለተጠቀሰ ተግባር ብቻ ነው። ለግንባርና ለዐይን ዙሪያ የተገባ ውል ለአንገት ወይም ለመንጋጋ ጡንቻ ላያገለግል ይችላል። ቆዳን ለመሙላት የሚወጋው ፊለር የደም ሥር ሊዘጋና ዐይን ሊያሳውር ስለሚችል ራሱን የቻለ ሽፋን ይሻል። ማዘዣን በሚመለከትም የሐኪሞች ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚህ መርፌ ታካሚውን በአካል ሳያዩ ማዘዝን ከልክሏል፤ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ደግሞ ከጁን 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማዘዝ ሥልጣን ያላቸውን ነርሶችና አዋላጆች በዚሁ ግዴታ ውስጥ አስገብቷል። ፈቃድ የሌለው ምርት አደጋውም የታወቀ ነው። ከጁን 4 እስከ ጁላይ 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በእንግሊዝ 38 ሰዎች ከውበት መርፌ ጋር በተያያዘ በቦቱሊዝም መታመማቸውን የአገሪቱ የጤና ደኅንነት ተቋም አስታውቋል። በርካሽ የተገኘ ብልቃጥ የተጠቀመ ባለሙያ የካሳ ጥያቄ ሲመጣበት ከመድን ድርጅቱ ክፍያ ይጠብቃል ማለት ያስቸግራል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የመድን ሕግ መድን ገቢው ስለ ሥራው በቂና ትክክለኛ መግለጫ እንዲሰጥ ያዛል። ቀደም ሲል የደረሰ ቅሬታ፣ የሥልጠናው ዓይነትና ርዝመት፣ ሥራው በታካሚ ቤት ይሁን በክሊኒክ፣ ሁሉም በማመልከቻው ላይ መገለጽ አለባቸው። ቅሬታ ሲነሣም ጠበቃ እስኪጽፍ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወደ ካሳ ጥያቄ ሊያመራ የሚችል ሁኔታ እንደታወቀ ለድርጅቱ ማሳወቅ በአብዛኞቹ ውሎች ላይ የሰፈረ ግዴታ ነው። ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋትን አምኖ መጻፍ ወይም ገንዘብ መክፈል ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል። ይህን በመፍራት ታካሚን የሚሸሹ ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳዝናል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሳ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደ ማመን እንደማይቆጠር ይደነግጋልና፣ ታካሚዋን ጠርቶ መመርመር፣ ማዘንን መግለጽና ክትትል ማድረግ አይከለከልም።

ድርጅቱ ለመከራከር የሚችለው በማኅደሩ ላይ በሰፈረው ነገር ነው። ታካሚዋ በጽሑፍ የሰጠችው ስምምነት፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የምርቱ ስምና ባች ቁጥር፣ መድኃኒቱ የተበጠበጠበት መጠንና በእያንዳንዱ ነጥብ የተወጋው ዩኒት መመዝገብ አለባቸው። የአንዱ ምርት ዩኒት ከሌላው ምርት ዩኒት ጋር እኩል ስላልሆነ ቁጥር ብቻ መጻፍ አይበቃም። በቅንድብ መካከል ለሚሰጠው ቦቶክስ የተለመደው 20 ዩኒት፣ በአምስት ነጥብ 4 ዩኒት እየተደረገ፣ ለዚያ ምርት ብቻ የሚሠራ ልክ ነው።

ሥራውን ለማቆም የወሰነ ባለሙያም፣ ምክንያቱ ጡረታ፣ ወሊድ ወይም ወደ አገር መመለስ ቢሆን፣ ጥያቄው የቀረበበትን ጊዜ የሚመለከት ውል ካለው አረቦኑን በቀጥታ ማቋረጥ አይችልም። ሥራ ከቆመ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ የሚያገለግል ተከታይ ሽፋን ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋውንና የሚቆይበትን ዘመን መጠየቅ የሚገባው ግን የመጀመሪያው ውል ሲፈረም ነው።