የሶዲየም ባትሪ፦ ከጨው የሚገኝ ተስፋ

በሚቀጥለው ዓመት በቅርብ ልንከታተላቸው ከሚገቡ የቴክኖሎጂ ውጤቶች አንዱ የሶዲየም አዮን ባትሪ ነው። እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ከእጅ ስልክ እስከ አውቶሞቢል ዓለምን አዳርሷል። ሊቲየም ግን በብዛት የሚመረተው በጥቂት አገሮች ሲሆን፣ ሶዲየም በየማጀታችን ካለው ጨው ውስጥ ይገኛል።

የሁለቱ አሠራር ተመሳሳይ ነው። ባትሪው ሲሞላ አዮኖች ከአዎንታዊው ኤሌክትሮድ ወደ አሉታዊው ይጓዛሉ፤ ኃይል ሲሰጥ ደግሞ ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሮኖችም በውጭው ሽቦ በኩል ሥራ እየሠሩ ያልፋሉ። ልዩነቱ ከአቶሙ ይጀምራል። የሶዲየም አቶማዊ ክብደት 23፣ የሊቲየም 7 ገደማ ነው፤ የሶዲየም ቮልቴጅም በመጠኑ ያንሳል። በመሆኑም ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ባትሪ ይከብዳል። በተጨማሪም ሶዲየም በግራፋይት ንጣፎች መካከል እንደ ሊቲየም ተረጋግቶ ስለማይቀመጥ፣ መሐንዲሶች ንጣፎቹ ያልተስተካከሉ «ጠንካራ ካርቦን» ይጠቀማሉ። በአንጻሩ ሶዲየም ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይዋሐድ፣ በአሉታዊው ወገን ውዱን መዳብ በአሉሚኒየም መተካት ተችሏል።

ሲ.ኤ.ቲ.ኤል. የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው የሶዲየም ባትሪ በኪሎግራም 160 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ይህም ከተሻሉት የሊቲየም ባትሪዎች ያነሰ ነው። ስለሆነም ክብደት ዋና ጉዳይ ለማይሆንበት አገልግሎት፣ ለምሳሌ የቀኑን የፀሐይ ኃይል ለሌሊት ለማቆየት፣ ይበልጥ ይስማማል።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። ይሁን እንጂ የአፋር ጨው በራሱ ባትሪ አይሆንም፤ ኤሌክትሮዱን የሚያዘጋጅ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል። አባቶቻችን «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ማለታቸውን እኛም እናስብ።