አጎበሩ ተቆጠረ፣ ትኩሳቱስ?

ለበዓል ገጠር ወዳሉ ዘመዶችዎ ሲሄዱ፣ ለመኝታ የታደለ አጎበር የጓሮ ጎመን ከዶሮ ሲጠብቅ አይተው ይሆናል። «ያ ሁሉ የፈረንጅ ገንዘብ እዚህ ላይ ዋለ?» ቢሉ አይፈረድብዎትም። መልሱ ግን ከጓሮው ራቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ግሎባል ፈንድ ኤችአይቪን፣ ቲቢንና ወባን ለሚዋጉ አገሮች ገንዘብ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል አጎበር ሲታደል ትልቅ ድርሻ ነበረው። ለሪፖርት ይህ ቁጥር ይበቃል። ለልጅዎ ጤና ግን አይበቃም። ስለዚህ ሥራቸውን የሚያውቁ አጥኚዎች መጋዘን አይቆጥሩም፤ ቤት ለቤት ዞረው «ትናንት ማታ አጎበር ውስጥ የተኛው ማን ነው?» ይላሉ። ከዚያ የልጆችን ጣት ወጋ አድርገው ደም ይመረምራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ ባይመጣስ ኖሮ? ወባ ከዝናብ ጋር ትወጣለች፣ ትወርዳለች። አንድ ዓመት ስለቀነሰች ብቻ ምስጋናው የአጎበሩ ነው ማለት አይቻልም።

ኤችአይቪ ላይ ይህ ጥያቄ ይቀላል። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከጥር 1997 ዓ.ም. በፊት የእድር ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ሲተከል የነበረበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ2023 ግሎባል ፈንድ ከ45 ዶላር በታች እንደሚገዛው አስታወቀ። የሕንድ ፋብሪካዎችን ፉክክር ባንረሳም፣ በጅምላ የሚገዛ ባለገንዘብ ባይኖር ዋጋው እዚህ አይደርስም ነበር። እዚህ ላይ ገንዘቡ ሠርቷል ብል አላፍርም።

ወባ ግን ተመለሰች። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል። ጦርነት ጤና ኬላዎችን ዘጋ፤ ትንኟ የሚረጨውን መድኃኒት ለመደች፤ አጎበሩም ቢሆን ሦስት ዓመት ገደማ አገልግሎ ያረጃል። እኔ የምለው፣ የዚህ ገንዘብ ውጤት እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ካልተከፈለ የሚቀር ነገር የለም።

የሚገርመው ለካም መለኪያውም በእርዳታ ነበር። ያንን «ማን አጎበር ውስጥ ተኛ?» የሚለውን ጥያቄ በብዙ አገሮች ሲያስጠይቅ የኖረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራም ዋና ወጪው ከአሜሪካ መንግሥት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ እርዳታው ሲቋረጥ እሱም ቆመ። ገንዘብ ሲጠፋ በሽታው ብቻ ሳይሆን በሽታውን የሚቆጥረውም ሰው ይጠፋል።

ይህ በሆነበት ሰዓት ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ረግረግ አትፈልግም። የምትራባው በበርሜልና በሮቶ ውስጥ ነው፤ ሰው ሳይተኛም ትናከሳለች። አጎበር የሚቆጥር ሪፖርት እሷን አያያትም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም አዋሽ ቤት ወይም ዘመድ ካለዎት፣ የሮቶው ክዳን በደንብ ገጥሞ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁ።