ለትንሽ ትራክተር ስለሚመረጡ ዕቃዎች

የእርሻ መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ ዋጋውንና ኃይሉን ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ በላዩ ተቀምጦ የሚውለው ሰው በደኅና ወደ ቤቱ መመለሱንም ማሰብ ይገባዋል።

የጉራጌ ተራሮች ወልቂጤን በምዕራብ፥ ቡታጅራን በምሥራቅ አድርገው በመካከል ቆመዋል። በዚያ አገር እርሻው በእንሰትና በጫት መካከል የጠበበ፥ መሬቱም በብዙ ስፍራ ተዳፋት ስለ ሆነ ትንሹ ትራክተር ይስማማዋል። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዷል።

ነገር ግን የትራክተሩ ትንሽነት ከመገልበጥ አያድነውም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው መገልበጥን የሚከላከለው የብረት ቀስት ከነቀበቶው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. አዲስ ትራክተር ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው ካዘዘች በኋላ በዚህ አደጋ የሚሞተው ሰው እጅግ አንሷል። ቀበቶው የሚታሰረው ግን ቀስቱ ቆሞ ሳለ ነው፤ በዛፍ ሥር ለማለፍ ቀስቱ ታጥፎ እንደ ሆነ፥ ቀበቶው ነጂውን ከሚገለበጠው ብረት ጋራ አስሮ ለሞት ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ወገብን ከመናወጥ የሚጠብቅ፥ በነጂው ክብደት ልክ የሚስተካከል ባለሞላ መቀመጫ ነው። ሦስተኛው ጥላ ነው፤ ተራ ጥላ ግን ፀሐይን እንጂ የትራክተሩን ክብደት ስለማይመልስ የቀስቱ ምትክ ሊባል አይገባም። መብራት፥ መስታወትና የመሣሪያ ሣጥን ቀስ በቀስ ይጨመራሉ። ባለማቀዝቀዣው ዝግ ክፍል ዋጋው የከበደ፥ ጥገናውም ባለሙያ የሚሻ ስለ ሆነ ከሁሉ በኋላ ይታሰባል።

ለገበሬ ማኅበር ግዢ የሚፈርም ሹም ወጪ ለመቀነስ ቀስቱን ቢያስቀር፥ የተረፈው ገንዘብ ለአንድ አባወራ ነፍስ ካሣ አይሆንም።