ከክተት አዋጅ ወደ ሆለታ

በ1888 ዓድዋ ላይ ጣልያንን ድል የመታው ጦር በክተት አዋጅ የተሰበሰበ ነበር። ጣልያን ከአርባ ዓመት በኋላ አውሮፕላን፣ ታንክና የመርዝ ጋዝ ይዞ ሲመለስም ያገኘው ጦር በአብዛኛው በዚያው ሥርዓት የሚከት ነው።

በዚያ ሥርዓት ወታደሩ የጌታው ሰው ነበር። ደሞዙ መሬት ወይም ከገባር የሚያገኘው ግብር ነው፤ ስንቁ ከቤት የተያዘ በሶ። በአንድ ሰፈር ውጅግራ፣ ለበንና ምንሽር የሚባሉ ጠመንጃዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንምና ያለቀበት ከጓደኛው ሊበደር አይችልም። ይህን አፍርሶ ደሞዝተኛ ጦር ማቋቋም ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ ጉዳይ አልነበረም። የመኳንንቱ ኃይል በተከታዩ ብዛት ስለሚለካ፣ ጦሩን መንካት እነሱኑ መንካት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በክብር ዘበኛ ጀመሩ። በ1922 የቤልጅግ መኮንኖች አሠልጣኝ ሆነው መጡ፤ ጥቂት ወጣቶችም ፈረንሳይ አገር ሳን ሲር ጦር ትምህርት ቤት ተልከው ተማሩ። መሣሪያው ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። ወደብ ስለሌለ የሚገዛው ሁሉ የሰው አገር ማቋረጥ አለበት። ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ሚዛናዊ ይመስላል፣ ጣልያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት!

ከሁሉም የከፋው የጊዜ እጥረት ይመስለኛል። መድፍ በአንድ መርከብ ይመጣል፤ መኮንን ግን ዓመታት ይፈልጋል። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድናዊው ካፒቴን ቪኪንግ ታም መሪነት የተከፈተው በ1927 ነው። መስከረም 1928 ጠላት መረብን ሲሻገር ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሠለጠነው ክብር ዘበኛ በጀግንነት ተዋጋ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ጥቂት፣ ሰማዩም የጠላት ነበር። የኢትዮጵያን ጦር የሬዲዮ መልእክት ሳይቀር ጣልያን ይጠልፈው ነበር።

የሆለታ ተማሪዎች ድካም ከንቱ አልቀረም። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራውን የጥቁር አንበሳ ጦር ተቀላቀሉ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ሙሉጌታ ቡሊም ጄኔራል ሆነው የክብር ዘበኛ አዛዥ ለመሆን በቁ።