ያልመጡትን ማን ይጠይቃቸው?

ዛሬ ከስቶክሆልም ስለ ሒሳብ ላጫውታችሁ ነው። አትሽሹ፣ ነገሩ ስለ ልጆቻችንም ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሪንከቢ አካባቢ የአገራችንን ልጆች የቤት ሥራ አግዛለሁ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ስለ ናሙና መማር ሲጀምሩ፣ «ወላጆቻቸው አማርኛ ከሚናገሩ ልጆች ስንቱ ቤት ውስጥ በአማርኛ ይመልሳል? እስቲ አጣሩ» አልኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመው 20 ልጆች ጠየቁ። 18ቱ «በአማርኛ» አሉ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። አንዲት ልጅ ግን ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ወንድሜን እኮ አልጠየቅነውም። እዚህ መምጣት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። እማዬ በአማርኛ ስታናግረው በስዊድንኛ ነው የሚመልስላት» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ትምህርቱ የተጀመረው ያኔ ነው። እናቶቻችን ጨው ለመቅመስ ድስቱን አይጨርሱም፤ አማስለው ጥቂት ይቀምሳሉ። ያቺ ጥቂት ናሙና ናት። ሳይማሰል ከላይ ብቻ ከተቀመሰ ግን የሚታወቀው ዘይቱ እንጂ ወጡ አይደለም። እኛም በሩ ላይ የቀመስነው ከላይ የተንሳፈፈውን ነበር።

ብዙ መቅመስም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ።

ታዲያ ሰው እንዴት ይማሰላል? በዕጣ ነው። ስዊድኖቹ «ስሉምፕ» ይሉታል፤ እኛ ከዕቁብ እናውቀዋለን። ቁም ነገሩ የሁሉም ስም መግባቱ ነው። እዚህ አገር ከ1947 ጀምሮ ነዋሪው የግል ቁጥር ስላለው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ዕጣውን ከሕዝብ መዝገብ ማውጣት ይችላል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ለ2007ቱ ቆጠራ ከተከለሉት ሥፍራዎች 645 በዕጣ ተመርጠው በ16,650 ቤቶች ጥያቄ ቀረበ። ስለ አገሩ ሁሉ የተነገረው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

እኛም መምጣት ያቆሙትን ጭምር የያዘውን የማኅበራችንን የ200 ቤተሰቦች ዝርዝር ይዘን 20 ዕጣ አወጣን። ስልክ ያላነሣውን በሌላ አልተካንም፤ የማያነሣው ሰው ከሚያነሣው ሊለይ ይችላልና ደጋግመን ደወልን። በመጨረሻ ሁሉም መለሱ፤ «በአማርኛ» ያሉት 11 ብቻ ነበሩ።

አንዱ ልጅ «እንግዲያው 55 በመቶ ነው!» አለ። ቆይ አልኩት። ሌላ 20 ብናወጣ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ለስሕተቱ ስፋት ቀላል መለኪያ አለ፦ 1ን ለናሙናው ቁጥር ስኩዌር ሩት ማካፈል። ለ1,000 ሰው 3 በመቶ ገደማ፣ ለ100 ሰው 10 በመቶ፣ ለ20 ደግሞ 22 በመቶ ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። ስለዚህ ያወቅነው «ከሲሶ እስከ ሦስት ሩብ» ድረስ መሆኑን ነው። ሰፊ ነው፣ ግን ሐቀኛ ነው። የበሩ ላይ 90 በመቶ እዚያ ውስጥ የለም።

የልጅቷ ወንድም በዕጣው አልወጣም። ስሙ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ገብቶ ነበር። ማኅበሮቻችን ስለ ልጆቻችን ቋንቋ ሲመክሩ የሚያዩት ፊታቸው የተቀመጡትን ነው። እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከመወሰናችን በፊት፣ ያልመጡት እነማን ናቸው ብለን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።