የጉበት ጠባሳ በሞገድ ሲለካ

ገበያ ወርዶ እንስራ የሚገዛ ሰው ሸክላውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሳያዳምጥ ገንዘቡን አይከፍልም። ከዓይን የተሰወረን ነገር አንቀጥቅጦ መለየት የቆየ ጥበብ ነው። ጉበትን ያለ መርፌ የሚመረምረው ኢላስቶግራፊ የተባለው ዘዴም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ለዓመታት ሕመም ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተጎዳው የጉበት ክፍል በጠባሳ እየተተካ ይሄዳል፤ ጠባሳው ጉበቱን ሲያዳርስና መልኩን ሲለውጥ ሲሮሲስ ይባላል። የጉዳቱን ደረጃ ለማወቅ ለረጅም ጊዜ ዋናው መንገድ ባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ናሙና መውሰድ ነበር። ይሁንና ናሙናው የጉበቱን 50,000ኛ ያህል ብቻ የሚወክል ከመሆኑም በላይ፣ አልፎ አልፎ ደም መፍሰስን ያስከትላል፤ የሚያነበው የፓቶሎጂ ባለሙያም ይጠይቃል።

ጠባሳ የበዛበት ጉበት ይጠነክራል። አካሉ በጠነከረ ቁጥር ደግሞ ሺር ሞገድ የተባለው፣ ይዘትን ሳይጨምቅ ቅርፅን ብቻ እያዛባ የሚያልፈው ሞገድ ይፈጥናል። በፈረንሳይ አገር የተሠራው ፋይብሮስካን በጎድን አጥንቶች መካከል ቆዳን በ50 ኸርዝ መታ በማድረግ ይህን ሞገድ ያስነሣል። ሞገዱ በጉበት ውስጥ በሰከንድ ከ1 እስከ 5 ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ አልትራሳውንድ ግን 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ መሣሪያው የአልትራሳውንድ ምቶችን በየቅጽበቱ እየላከ ዘገምተኛው ሞገድ የት እንደደረሰ ይከታተላል። ቀሪው ሒሳብ ነው፦

ጥንካሬ = 3 × እፍግታ × ፍጥነት × ፍጥነት

የጉበትን እፍግታ እንደ ውኃ በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም ብንወስድና ፍጥነቱ በሰከንድ 1.3 ሜትር ቢሆን፣ ጥንካሬው 5 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል፤ ይህም በጤነኛ ጉበት የሚታይ መጠን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ፣ ማለትም 2.6 ሜትር ቢሆን ግን ጥንካሬው አራት እጥፍ አድጎ 20 ኪሎፓስካል ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ አለ። መሣሪያው የሚለካው ጥንካሬን እንጂ ጠባሳን አይደለም። ብግነት ያበጠ ጉበት ያለ ብዙ ጠባሳ ሊጠነክር ይችላል። ምግብ ከተበላ በኋላም ወደ ጉበት የሚፈስሰው ደም ስለሚጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ታካሚው ቢያንስ ለ3 ሰዓት እንዲጾም የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛ ደግሞ በዚህ መሣሪያ ሊለካ አይችልም፤ ፈሳሽ ቅርፁን የሚመልስበት ኃይል ስለሌለው ሺር ሞገድን አያሳልፍምና። አንድ ልኬት ብቻውን ስለማይታመንም 10 ልኬቶች ተወስደው የመካከለኛው ዋጋ ይያዛል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም፣ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ለመለየት ይኸው መሣሪያ አገልግሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ለሲሮሲስ የተቀመጠው መለያ ከ12.5 ኪሎፓስካል በላይ ነው። በልቶ የመጣ ወይም ጉበቱ በብግነት ያበጠ ሰው ይህን ወሰን ያለ ሲሮሲስ ሊያልፍ ይችላል። ስለሆነም ሐኪሙ ቁጥሩን ከደም ምርመራውና ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ይፈርዳል። ፊዚክስ ፍጥነቱን በትክክል ሊነግረን ይችላል፤ ጉበቱ ለምን እንደጠነከረ መመርመር ግን ከልኬቱ በኋላ የሚጀምር ሥራ ነው።